የቴምብር አስመሳዩ የዣን ደ ስፔራቲ የሕይወት ታሪክ

የታወቁ ሰዎች ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጡት አገር ያቀኑ፥ ለበሽታ መድኃኒት ያገኙ ወይም መጽሐፍ የደረሱ ሰዎች ናቸው። ይህም የተገባ ነው። ይሁን እንጂ በመጥፎ ሥራ ስሙ የተጠራ ሰው ታሪክም ቢነበብ ትምህርት አይታጣበትም። መልካሙን መንገድ የሚያሳይ ሰው እንዳለ ሁሉ ገደሉ በየት በኩል እንደሆነ የሚያሳይም አለና። ስለዚህ በዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ ላይ ታሪኩን በአጭሩ ላቀርብላችሁ የመረጥሁት ሰው ዣን ደ ስፔራቲ ይባላል። እርሱም ሐሰተኛ ቴምብር ከሠሩት ሰዎች ሁሉ በእጁ ብልኀት የላቀ እንደነበረ ብዙዎች የመሰከሩለት ሰው ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልኝ እለምናለሁ።

የስፔራቲን ሥራ ለመረዳት አስቀድሞ ቴምብር እንዴት ሀብት ሊሆን እንደ ቻለ ማወቅ ያስፈልጋል። በመላው ዓለም የመጀመሪያው በጀርባው ሙጫ ያለው የፖስታ ቴምብር የወጣው በእንግሊዝ አገር በግንቦት ወር 1840 ነው። ይህን አሠራር ያሰቡት ሰው ሰር ሮላንድ ሂል ሲሆኑ፥ ቴምብሩም የንግሥት ቪክቶርያ መልክ ያለበት ጥቁር ስለሆነና ዋጋውም አንድ ፔኒ ስለነበረ እስከ ዛሬ ጥቁር ፔኒ እየተባለ ይጠራል። ከዚያ በኋላ ሌሎች መንግሥታትም እየተከተሉ ቴምብር አወጡ። ብዙም ሳይቈይ ሰዎች ቴምብርን ለደብዳቤ ብቻ ሳይሆን ለስብስብ ይፈልጉት ጀመር። ጥቂት ብቻ የታተመ ወይም በስሕተት የታተመ ቴምብር ከወርቅ ይልቅ ተወደደ። አንዲት ጥፍር የምታህል ወረቀት የአንድ ቤት ዋጋ ስታወጣ፥ አስመስሎ ለመሥራት የሚነሣ ሰው መኖሩ የማይቀር ነው። እንዲያውም የመጀመሪያው ቴምብር ከወጣ ገና 25 ዓመት ሳይሞላ፥ በ1862 እና በ1863፥ ሐሰተኛ ቴምብር እንዴት እንደሚለይ የሚያስተምሩ መጻሕፍት በቤልጅግና በእንግሊዝ አገር ታትመዋል።

ሐሰተኛ ቴምብር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መንግሥትን ለማታለል፥ ማለት የፖስታውን ገንዘብ ላለመክፈል የሚሠራ ነው። ለዚህ የታወቀው ምሳሌ በሎንዶን የአክሲዮን ገበያ በ1872 ገደማ የተፈጸመው ነው። በዚያ በነበረው የቴሌግራም ቢሮ ሰዎች የአንድ ሽልንግ አረንጓዴ ቴምብር ገዝተው በቴሌግራማቸው ወረቀት ላይ ያስለጥፉ ነበር። ነገር ግን የሚለጠፈው ቴምብር ሐሰተኛ ነበር፤ የእውነተኛው ዋጋም በአታላዮች ኪስ ይገባ ነበር። ይህ ተንኰል ለ25 ዓመት ያህል ሳይታወቅ ቈይቶ በ1898 ቻርልስ ኒሰን የሚባል የቴምብር ነጋዴ ደረሰበት። እርሱም ያወቀው ወረቀቱ ወደ ብርሃን ሲያዝ መታየት የሚገባው ምልክት ስላልነበረበትና፥ በማዕዘኖቹ የተጻፉት ፊደላትም በእውነተኛው ቴምብር ላይ ከቶ የማይገኙ ስለነበሩ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ሰብሳቢዎችን ለማታለል የሚሠራ ነው። ስፔራቲ ስሙን ያስጠራው በዚህ በሁለተኛው ነው።

ስፔራቲ በ1884 በጣልያን አገር በቶስካና ተወለደ። የተወለደበት ስሙ ጆቫኒ ሲሆን ዣን የተባለው በኋላ በፈረንሳይ አገር ሲኖር ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ፎቶግራፍ ማንሣትን፥ የኬሚስትሪን ጥበብና የማተሚያን ሥራ ተማረ። ስለ ወረቀት አሠራርም ብዙ መረመረ። ከእነዚህ ትምህርቶች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሲታዩ መልካም ናቸው፤ አንድ ወጣት ሦስቱንም በትጋት ቢይዝ ለአገሩ የሚጠቅም አታሚ ወይም የቤተ ሙከራ ዐዋቂ በሆነ ነበር። ስፔራቲ ግን የቴምብር ፍቅር ስላደረበት ዕውቀቱን ሁሉ በዚያው ላይ አዋለው።

ወደዚህ ሥራ እንዲገባ ያደረገውም፥ እንደሚተረክለት፥ በወጣትነቱ የደረሰበት ብስጭት ነው። ዐዋቂዎች እውነተኛ ነው ብለው ያጸደቁለትን ቴምብር ኋላ ሐሰተኛ ሆኖ አገኘው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ቴምብርን እየመረመሩ የምስክር ወረቀት በሚሰጡ ሰዎች ላይ ቂም ያዘ። እነርሱ ዐዋቂዎች ነን እያሉ ገንዘብ ይቀበላሉ፥ ነገር ግን እውነቱን ከሐሰቱ አይለዩም፤ እኔም ይህን በሥራ አሳያለሁ ብሎ ቈረጠ። በ1946 ባሳተመው መጽሐፍም ቴምብር መሰብሰብ ያለ መርማሪ ዐዋቂዎች ሊሆን አይችልምን የሚል ጥያቄ አንሥቶ ተከራክሯል።

ከብዙ ዓመት በኋላ በፈረንሳይ አገር በአልፕስ ተራሮች አጠገብ በምትገኘው በኤክስ ሌ ቤን ከተማ ተቀመጠ። ይህች ከተማ በፍል ውሃዋና በሐይቋ የታወቀች፥ ሕመምተኞች ለጤናቸው የሚመጡባት ጸጥ ያለች ቦታ ናት። በዚያም በቤቱ ውስጥ በትንሽ መሣሪያ ብቻ እየሠራ ብዙ ዓመት አሳለፈ።

አሁን የሥራውን ዘዴ እንመልከት። ከእርሱ በፊት የነበሩት አስመሳዮች አብዛኛዎቹ በተራ ወረቀት ላይ የቴምብሩን ሥዕል ያትሙ ነበር። ይህ በቀላሉ ይታወቃል። ወረቀቱ ሌላ ነው፤ በብርሃን የሚታየው ምልክት የለም፤ በዳር ዳር ያሉት ጥርሶች ቍጥራቸው ወይም አቈራረጣቸው አይስማማም፤ የፖስታ ቤቱም ማኅተም የፈጠራ ነው። ስፔራቲ ግን እነዚህን አራቱን ፈተናዎች በአንድ ጊዜ የሚያመልጥበትን መንገድ አገኘ። ይኸውም እንደሚከተለው ነው። አንድ መንግሥት በአንድ ዘመን የሚያወጣቸው ቴምብሮች፥ ርካሹም ውዱም፥ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይነት ወረቀት ላይ ይታተማሉ። ስለዚህ ስፔራቲ በጥቂት ሳንቲም የሚገዛውን እውነተኛ ቴምብር ይወስድና በመድኃኒት እያጠበ ሥዕሉን ያጠፋዋል። የሚቀረው ወረቀት እውነተኛ ነው፤ በብርሃን የሚታየው ምልክትም እውነተኛ ነው፤ ጥርሱም እውነተኛ ነው። የማኅተሙ ቀለም ከሥዕሉ ቀለም የተለየ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ማኅተሙን ሳይነካ ማስቀረት ይችል ነበር፤ እንግዲህ ማኅተሙም እውነተኛ ነው። ከዚያ በኋላ የውዱን ቴምብር ሥዕል በፎቶግራፍ አንሥቶ በሠራው ክሊሼ በባዶው ወረቀት ላይ ያትምበታል። በዚህ ዓይነት አራት እውነት ሰብስቦ አንድ ሐሰት ያለብሳቸው ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ቢያስብ መልካም ነው። ከሐሰት ሁሉ የሚከፋው ባዶ ሐሰት አይደለም፤ ባዶ ሐሰት ቶሎ ይጋለጣል። የሚከፋው እውነት የተቀላቀለበት ሐሰት ነው። ሰው ሦስቱን ነገር መርምሮ እውነት ሆኖ ካገኘው አራተኛውን ሳይመረምር ይቀበላልና።

ስፔራቲ በዕድሜው ከ100 በላይ የሚሆኑ አገሮችን ቴምብሮች አስመስሎ ሠራ፤ የተለያዩት ዓይነቶችም ከ500 በላይ ናቸው። እርሱ ራሱን ሐሰተኛ አያሰኝም ነበር። የምሠራው የጥበብ ሥራ ነው፤ ሀብታም ያልሆነ ሰብሳቢ ሊገዛው የማይችለውን ቴምብር በምስሉ እንዲያገኝ እረዳዋለሁ ይል ነበር። ከብዙዎቹ ቴምብሮች በስተ ጀርባም ስሙን በእርሳስ ይጽፍባቸው ነበር። ነገር ግን የእርሳስ ጽሕፈት በላጲስ ይጠፋል። ቴምብሩ ከእጁ ወጥቶ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሰው እጅ ሲገባ ስሙ ይፋቅና እንደ እውነተኛ ይሸጥ ነበር። ይህን ስፔራቲ አያውቅም ነበር ለማለት ያስቸግራል። ምልክቱ እንዳይጠፋ ቢፈልግ ኖሮ፥ ውስብስቡን የማተሚያ ጥበብ የሚያውቅ ሰው የማይፋቅ ቀለም አያጣም ነበር።

የታሪኩ እጅግ አስደናቂው ክፍል በ1942 የሆነው ነው። በዚያን ጊዜ አውሮፓ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ነበረች፤ ከፈረንሳይ አገርም ገንዘብና ዋጋ ያለው ዕቃ ያለ ፈቃድ ማውጣት የተከለከለ ነበር። ስፔራቲ በፖርቱጋል በሊዝቦን ከተማ ለሚኖር የቴምብር ነጋዴ አንድ ጥቅል ላከ። የፈረንሳይ ጉምሩክም ጥቅሉን ያዘውና ሲከፍተው ውድ የሆኑ የድሮ ቴምብሮች አገኘበት። ወዲያው ሀብት ከአገር ሊያስወጣ ነው ተብሎ ተከሰሰ።

ስፔራቲም የሰጠው መልስ ሰውን ሁሉ የሚያስገርም ሆነ። እነዚህ ቴምብሮች ዋጋ የላቸውም፤ እኔ በእጄ የሠራኋቸው ናቸው አለ። ማንም አላመነውም። የቴምብር መርማሪ ዐዋቂዎች ተጠርተው ቢመለከቷቸው እውነተኛ ናቸው ብለው መሰከሩ፤ ከፍ ያለ ዋጋም ገመቱላቸው። ሌላው ወንጀለኛ ሐሰቱን እውነት ነው እያለ ሲከራከር፥ ስፔራቲ ግን እውነት የተባለለትን ሐሰት ነው ብሎ ለማስረዳት ተቸገረ። በመጨረሻም ለማስረጃ ያንኑ ዓይነት ቴምብሮች እንደ ገና ሠርቶ አቀረበ። እንግዲህ በአንድ በኩል የዐዋቂዎቹ ኀፍረት ተገለጠ፤ እርሱ ዕድሜውን ሁሉ የተመኘውም ይህን ነበር። በሌላ በኩል ግን የራሱ ምስጢር ለዓለም ተገለጠ። ጠላቶቹን ያሸነፈበት ቀን እርሱም የተያዘበት ቀን ሆነ።

ነገሩ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ሲጓተት ቈየ። የፈረንሳይ የቴምብር ነጋዴዎች ማኅበርም ንግዳችንን አበላሸብን ብሎ ከሰሰው። በ1952 ፍርድ ቤቱ በማታለል ወንጀል እስራትና መቀጮ ፈረደበት፤ ነገር ግን ሽማግሌ ስለነበረ ወኅኒ አልወረደም።

የተፈረደበት ሰው ሥራውን እንዳይቀጥል የሚያደርግ ሌላ መድኃኒት የተገኘው ከእንግሊዝ አገር ነው። የብሪታንያ የቴምብር ሰብሳቢዎች ማኅበር በ1954 ከስፔራቲ ጋር ተስማምቶ፥ የቀሩትን ቴምብሮች፥ ክሊሼዎቹንና የሥራ ማስታወሻዎቹን ሁሉ ገዛው። ስፔራቲም ከእንግዲህ ወዲህ ላይሠራ ቃል ገባ። ማኅበሩም በ1955 የስፔራቲን ሥራዎች ከነሥዕላቸው ዘርዝሮ የሚያሳይ መጽሐፍ በ500 ቅጂ ብቻ አሳተመ። ይህ መጽሐፍ እጅግ ጠቀመ፤ አንድ ሰብሳቢ የተጠራጠረውን ቴምብር ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር እያስተያየ መለየት ቻለ። ስፔራቲም ከዚህ በኋላ ብዙ አልቈየም። በ1957 በዚያው በኤክስ ሌ ቤን ሞተ።

የስፔራቲ ሥራ ይህን ያህል የረቀቀ ከሆነ እንዴት ሊታወቅ ቻለ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው የአባቶቻችን ተረት ነው። መርማሪዎች ከሚመለከቷቸው ነገሮች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፥ የኅትመቱ ዓይነት ነው። ብዙ የድሮ ቴምብሮች በብረት ላይ ተቀርጸው የታተሙ ስለሆኑ ቀለማቸው ከወረቀቱ ጥቂት ከፍ ይላል፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ወይም በጣት ጫፍ ቀስ ተብሎ ሲዳሰስ ይታወቃል። የሌሎቹ ደግሞ ፊደሉ ወረቀቱን ስለሚጫነው ምልክቱ በስተ ጀርባ ይወጣል። የስፔራቲ ኅትመት ግን በሊቶግራፊ ዘዴ ስለሆነ ጠፍጣፋ ነው።

ሁለተኛ፥ የማኅተሙ ቦታ ነው። በደብዳቤ ላይ አስቀድሞ ቴምብሩ ይለጠፋል፤ ማኅተሙ የሚመታው ኋላ ነው። ስለዚህ የማኅተሙ ቀለም ከሥዕሉ በላይ መሆን አለበት። ስፔራቲ ግን ማኅተሙን አስቀርቶ ሥዕሉን ኋላ ስላተመው፥ አጥብቆ ለሚያይ ሰው ሥዕሉ ከማኅተሙ በላይ ሆኖ ይገኛል። ልጅ ከአባቱ በፊት ተወለደ እንደ ማለት ነው።

ሦስተኛ፥ የወረቀቱ መልክ ነው። በመድኃኒት የታጠበ ወረቀት የተፈጥሮ መልኩን ያጣል። በአልትራቫዮሌት ጨረር ሲመረመር አንዳንድ ጊዜ የጠፋው ሥዕል ጥላ ተመልሶ ይታያል። ርካሹ ቴምብር ከውዱ በታች ሆኖ ስሙን ይናገራል።

አራተኛ፥ የክሊሼው ነቍጥ ነው። ስፔራቲ በአንድ ክሊሼ ብዙ ቴምብር ስለሚያትም፥ በክሊሼው ላይ የነበረች ትንሽ ነቍጥ ወይም የተሰበረች መስመር በሁሉም ላይ በአንድ ቦታ ትገኛለች። ይህች ነቍጥ ከዐይን ብታመልጥም ከመዝገብ አታመልጥም።

ከስፔራቲ በፊት በዚህ ሥራ የታወቀው ፍራንስዋ ፉርኒየ ነው። እርሱም በ1846 ተወልዶ በ1917 የሞተ ሲሆን በስዊስ አገር በጄኔቭ ከተማ አስመስሎ የተሠራ ቴምብር በግልጽ በዋጋ ዝርዝር እያስታወቀ ይሸጥ ነበር። እርሱ ከሞተ በኋላ የቀረው ዕቃ ሌላ ሰው እንዳያታልል የጄኔቭ የቴምብር ሰብሳቢዎች ኅብረት ገዛው። በ1928ም ሐሰተኛ የሚል ቃል እየተመታባቸው ለመማሪያ የሚሆኑ 480 አልበሞች ተዘጋጁ፤ የቀረውም እንዲጠፋ ተደረገ። የእንግሊዙና የጄኔቩ ማኅበር ያደረጉት አንድ ነው፤ ሐሰቱን ደብቀው አልቀበሩትም፤ ሰው ሁሉ እንዲማርበት በብርሃን አወጡት።

ይህ ጉዳይ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች በ1894 በፓሪስ ከተማ ታተሙ። ቅርጹን ያዘጋጀው ዩጀን ሙሾን የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ሰባት ዓይነት ሲሆኑ በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፥ በሦስቱ ላይ ደግሞ አንበሳ ይታያል። በእነዚሁ ቴምብሮች ላይ በ1901 ኢትዮጵያ የሚል ቃል በላቲን ፊደል፥ በ1902 ቦስታ፥ በ1903 መልክት የሚል ቃል በአማርኛ በእጅ ማኅተም ተመታባቸው። ሐሰተኞችም ከዚህ ላይ መንገድ አገኙ፤ እውነተኛውን ቴምብር ይዘው የእጅ ማኅተሙን ብቻ አስመስለው መቱበት። እንደ ስፔራቲ ሁሉ የእነዚህም ሐሰት እውነት ላይ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ ከእነዚህ ቴምብሮች አንዱን የሚገዛ ሰው ቴምብሩን ብቻ ሳይሆን የፊደሎቹን ቅርጽና የማኅተሙን ቀለም መመርመር ይገባዋል። በ1919 የወጡት የዱር አራዊትና የመሳፍንት መልክ ያለባቸው ቴምብሮችም ኋላ እንደ ገና ታትመዋል። የመጀመሪያዎቹ ሙጫቸው ነጭና ለስላሳ ሲሆን፥ የኋለኞቹ ወደ ቡናማ የሚያደላና የተሰነጣጠቀ ነው።

ዛሬ የስፔራቲ ቴምብሮች ራሳቸው የሚፈለጉ ሆነዋል። አንዳንዶቹም ካስመሰሏቸው እውነተኞች ይልቅ በብዙ ዋጋ ይሸጣሉ። ከዚህ የተነሣ ስፔራቲ ማንንም አልጐዳም፤ እንዲያውም ትዕቢተኞችን ዐዋቂዎች ትሕትና አስተማረ የሚሉ ሰዎች አሉ። በዚህ አስተያየት ውስጥ ጥቂት እውነት አለ። ዐዋቂ የተባለ ሁሉ ሊሳሳት እንደሚችል አሳይቷል፤ ከእርሱም ወዲህ የምርመራ ጥበብ ተሻሽሏል። ነገር ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። ብዙ ዓመት ቈጥቦ አንድ ቴምብር የገዛው ሰብሳቢ የተታለለው ትዕቢተኛ ስለሆነ አይደለም፤ ስላመነ ነው። ስፔራቲ ቂሙን በዐዋቂዎቹ ላይ ሲወጣ ዕዳውን የከፈለው ይህ ሰው ነው። የስፔራቲ ቴምብርም በገበያ ዋጋ ያገኘው እውነቱ ከታወቀና የሠሪው ስም በግልጽ ከተጠራ በኋላ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ያስከበረው ሐሰቱ ሳይሆን መገለጡ ነው።

እኛም ትምህርታችንን ጨርሰን በቅርቡ የምስክር ወረቀት የምንቀበል ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ የምንወስደው አለ። የምስክር ወረቀትም እንደ ቴምብር ወረቀት ነው፤ ዋጋ የሚሰጠው በላዩ ያለው ማኅተም ሳይሆን ማኅተሙ የሚመሰክረው ሥራ ነው። ወረቀቱ እውነተኛ፥ ፊርማው እውነተኛ፥ ማኅተሙም እውነተኛ ሆኖ ዕውቀቱ ግን ከሌላ ሰው የተገለበጠ ከሆነ፥ ያ ተማሪ አራት እውነት ያለበሰውን አንድ ሐሰት ይዞ ወደ ዓለም ይወጣል። ለጊዜው ማንም ላያውቅበት ይችላል። ነገር ግን ሕመምተኛው በፊቱ ሲተኛ፥ ድልድዩ ሲሠራ፥ ሕፃናቱ ትምህርት ሲጠብቁ፥ ከታች የተሸፈነው ሥዕል ብቅ ይላል።

ስፔራቲ ትጋት፥ ትዕግሥትና ረቂቅ እጅ የተሰጠው ሰው ነበር። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ለጐደለው ሰው ይህን ሥራ መሥራት አይቻለውም። ይህን ሁሉ ስጦታ ይዞ ግን የራሱ የሆነ አንድ ሥዕል ሳይሥል፥ የሌላውን ሥራ ሲደግም ዕድሜው አለቀ። ስሙም ሲነሣ ከሠራው ይልቅ ያስመሰለው ይታሰባል። ስጦታ ለሁላችን በየመጠናችን ተሰጥቶናል፤ በምን ላይ እንደምናውለው ግን የምንመርጠው እኛው ነን።

12ኛ ክፍል ተማሪ